ግራ እጄን ያስተማርኩበት ወር

ሰው በሚስቱ ቀና ሲባል ሌላ ወንድ ጠርጥሮ ይመስላል። እኔ መጀመሪያ የቀናሁት ግን በራሷ በሚስቴ ነው፤ በጭንቅላቷ። ወንዱ የመጣው ኋላ ነው። ስልሳ አራት ዓመቴ ነው፤ ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆኖኛል፤ ከባለቤቴ ጋር ሠላሳ ሦስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረናል። በዚህ ዕድሜህ ቅናት ይይዝሃል ብሎ የነገረኝ ቢኖር እስቅበት ነበር። ያዘኝ፤ ያውም እህል የማያስበላ ቅናት።

ነገሩ የተጀመረው ከሐኪም ቤት ነው። ባለቤቴ መምህርት ነበረች፤ ከእኔ ሁለት ዓመት ዘግይታ ጡረታ ወጥታለች። አንድ ጠዋት ደም ግፊቷን ልትለካ ሄዳ ስትመለስ ፊቷ በርቶ አየሁት። ሐኪሟ፣ በዕድሜ ልጃችን ልትሆን የምትችል ወጣት፣ አእምሮ አዲስ ነገር ይወዳል ብላ መክራታለች። ሰው በየቀኑ ያንኑ መንገድ እየሄደ፣ ያንኑ ሥራ እየሠራ፣ ከዚያው ሰው ጋር ያንኑ ወሬ እያወራ ከኖረ ጭንቅላቱ ሥራ ይፈታል፤ እጁ የማያውቀውን ነገር ሲማር ግን የተኛው ይነቃል። "ከዚያው ሰው ጋር ያንኑ ወሬ" የሚለው ላይ ስትደርስ ያየችኝ መሰለኝ።

"ታዲያ ምን ልትማሪ ነው?" አልኳት።

"ቴኒስ። የጠረጴዛ ቴኒስ። ወጣት ማዕከሉ ጠዋት ጠዋት ባዶ ስለሆነ ለጡረተኞች ፈቅደዋል። በቃ፣ አብረን እንሂድ።"

"እኔና አንቺ? ወጣት ማዕከል?"

"ስሙ ነው ወጣት፤ በር ላይ ዕድሜ የሚጠይቅ የለም።"

"ሂጂ፣ የእኔ ጭንቅላት ደህና ነው" አልኳት። ውሸቴን ነበር።

እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። ካዛንቺስ በሚገኝ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠላሳ አራት ዓመት ፋይል ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ኃላፊ ይመጣል፣ ኃላፊ ይሄዳል፤ ፋይሉ የትኛው መደርደሪያ ላይ እንዳለ የሚያውቀው የእኔ ጭንቅላት ነበር። ኮምፒውተር ከገባ በኋላ እንኳ ኮምፒውተሩ ሲያቅተው እኔን ይጠሩኝ ነበር። ይህ ጭንቅላት ነው እንግዲህ ባለፈው ዓመት መንሸራተት የጀመረው። አንድ ቀን ከጎተራ ታክሲ ይዤ ባምቢስ ወረድኩና ለምን እንደመጣሁ ጠፋኝ። ለሚያየኝ ሰው ጉዳይ ያለኝ እንድመስል አንድ የመነጽር ሱቅ መስኮት ፊት ቆምኩ፤ ጥቂት ቆይቼ በመጣሁበት ተመለስኩ። የሰው ስም ሲጠፋኝ ደግሞ ሁሉንም "ወንድምዓለም" ማለት ጀመርኩ። ጎረቤቶቼ ጡረታ ትሑት አደረገው አሉ።

አባቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት እኛን ልጆቻቸውን አያውቁንም ነበር። አንድ ቀን "አንተ የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ። "የእርስዎ" ስላቸው "እግዜር ያሳድግህ" ብለው መረቁኝ። ያን ጊዜ አርባ ዓመት አልፎኝ ነበር። የምፈራው ይህንን ነው፤ ከሞት ይልቅ ይህንን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲባል እየሰማሁ አድጌያለሁ፤ ግን ደበቅሁት። ለመደበቅ ደግሞ ቁጣን የሚያህል ነገር የለም፤ የተቆጣን ሰው "ረሳኸው እንዴ?" ብሎ የሚደፍር የለም።

እናም እሷ ወደ ወጣት ማዕከሉ፣ እኔ ወደ ካዛንቺስ። ካዛንቺስ የነበረው ቤታችን ፈርሶ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ከገባን ወዲህ እንኳ ጠዋት ጠዋት ወደዚያ መሄዴን አልተውኩም። ሰፈሩ ግማሹ የለም፤ የማውቀው ካፌ ግን ተርፏል፤ ወንበሬም ከነቦታው አለ። አስተናጋጇ ሳላዛት ማኪያቶዬን ታመጣለች። እኔ ይህ ክብር ይመስለኝ ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቴ ወገቧን ይዛ ተመለሰች። "ኳሷን መምታት ቀርቶ በዓይኔም አልደረስኩባት" አለችኝ። ወገቧን በቅባት እያሸሁ "ተይው በቃ፣ ማን አስገደደሽ" አልኳት፤ ልቤ ግን ደስ ብሎት ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስፖርት ጫማ ገዛች። በሦስተኛው የሳሎናችን ግድግዳ ላይ መለማመድ ጀመረች፤ ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ከእኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ወይዘሮ ሊቆጡ ደረጃውን ሲወጡ፣ እሰይ፣ እሳቸው ይገላግሉኛል ብዬ በሩን በደስታ ከፈትኩላቸው። ገቡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ከእሷ ጋር ተሳሳቁ፤ በሳምንቱ እሳቸውም ተመዘገቡ።

ሐቁን ልናገር፤ ሴትዮዋ ተለወጠች። ወደ ኦሎምፒያ ስትሄድ ሆን ብላ በማታውቀው መንገድ ትሄድና እንዲህ ያለ በር አየሁ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ አየሁ እያለች ትመጣለች። የልጃችንን ስልክ ቁጥር ሳታይ በቃሏ ትደውላለች። አንድ ቀን ነጭ ሽንኩርት እየላጠች ሳለ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ የሠርጋችንን ሦስተኛ ሚዜ ስም ከነአባቱ ጠራች። የእኔ ሚዜ ነበር። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሮኝ የተማረ። እኔ ስሙን ካጣሁት ቆይቻለሁ። "አይ አንቺ፣ ምኑን አመጣሽው!" ብዬ ሳቅሁና መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቆምኩ። ከአንድ ጋን እንደምንቀዳ፣ እሷ በቀዳች ቁጥር የእኔ እንደሚጎድል ሆኖ ተሰማኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ ምናለ እሷም አንዳንድ ነገር ብትረሳ ብዬ ተመኘሁ። ክፉ ምኞት መሆኑ አልጠፋኝም።

ሰውየው የመጣው በዚህ መሀል ነው። የቀድሞ የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ሞታበታለች፤ ወጣት ማዕከሉ ውስጥ ከባለቤቴ ጋር የሚጫወተው እሱ ነው። መጀመሪያ ስታወራ "እሳቸው" ትል ነበር፤ "እሳቸው እኮ ኳሱን ያጣምሙታል"፣ "እሳቸው እኮ አይደክማቸውም"። ምንም አልመሰለኝም። ከወር በኋላ አንቱታው ቀረና "እሱ" ሆነ። "ዛሬ እሱን አሸነፍኩት!" ብላ ላብ በላብ ሆና የገባች ቀን ሸሚዜን እየቆለፍኩ ነበር፤ ቁልፉን አዛንፌ ቆልፌ እንደዚያው ካዛንቺስ ዋልኩ።

አንድ ጠዋት ማኪያቶዬን ትቼ ወደ ወጣት ማዕከሉ ሄድኩ። ጋዜጣ ዘርግቼ ከሽቦ አጥሩ ውጪ ቆምኩ፤ በስልሳ አራት ዓመቴ። ሰውየው ረጅምና ቀጥ ያለ ነው፤ ሱሪው ተተኩሷል፤ ሸራ ጫማው ነጭ ነው። ቀኝ እጁ ከጎኑ አይላቀቅም፤ የሚመታው በግራው ነው። ሚስቴ ወዲህ ወዲያ ትላለች፤ ፀጉሯ ከሻሿ አፈትልኳል። አንድ ኳስ የጠረጴዛውን ጫፍ ነክቶ ሲወድቅ ሁለቱም ሳቁ። ያንን ሳቅ አውቀዋለሁ፤ ከመጋባታችን በፊት ለእኔ የምትስቀው ሳቅ ነው። መቼ እንደቀረብኝ ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ጋዜጣዬን አጥፌ ሄድኩ።

ምሳ ላይ አላስችል አለኝ። "ለመሆኑ ሰውየው ግራኝ ነው እንዴ?" አልኳት።

"በግራ እንደሚጫወት መቼ ነገርኩህ?"

ተያዝኩ። "ነግረሽኛል እንጂ፤ ረስተሽው ነው" አልኩ።

እጇ እንጀራው ላይ እንዳለ ቆመ። "እኔ? ኧረ አልነገርኩህም…"

"ነግረሽኛል ስልሽ!"

ፊቷ ላይ ፍርሃት አለፈ። የራሴን በሽታ አንስቼ እሷ ላይ ለጠፍኩባት። "ተሳስቼ ነው" ለማለት አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ አላልኩም። ከሠራሁት ሁሉ እስካሁን የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረችኝ። ሰውየው ግራኝ አይደለም። ደረጃ ላይ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ከተሰበረ ወዲህ እጁ ከደረቱ በላይ አይነሳም። በዚህ ዕድሜው በግራ መጻፍ፣ በግራ መላጨት፣ በግራ መጫወት ተማረ። ለሐኪሟ ስታወራላት "ከዚህ የበለጠ ለአእምሮ ምን አለ!" ብላ አድንቃዋለች።

ሐኪሟም አደነቀችው። ሚስቴም፣ ሐኪሟም። እኔ ያልተሰበረ ትከሻ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። በነጋታው እሷ ስትወጣ በሩን ከውስጥ ቆለፍኩና የጥርስ ብሩሼን በግራ እጄ አነሳሁ።

ሳሙናው አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ በግራ ተላጨሁ፤ አገጬን ሁለት ቦታ ቆረጥኩ፤ ለባለቤቴ ምላጩ አርጅቶ ነው አልኳት። ከዚያ ስሜን ጻፍኩ፤ የአንደኛ ክፍል ተማሪ ፊደል ሆነ። ግን እሱ ይጽፋል። እሱ ከቻለ እኔ ምን አንሶኝ? በሁለተኛው ሳምንት እሷ ሳትመለስ ምሳዬን ቀድሜ በግራ መብላት ጀመርኩ። ይህ ከሁሉም የከበደው ነው፤ ግራ እጅ ለምን ሥራ እንደተፈጠረ እናቴ ገና በሕፃንነቴ በቁንጥጫ ነግራኛለች። ቀኝ እጄ እየዘለለ እንዳያስቸግረኝ ተቀመጥኩበት። ሽሮው ሸሚዜ ላይ፣ እንጀራው ጭኔ ላይ። መጋረጃ ዘግቼ እበላ ነበር፤ የሚያየኝ ጎረቤት ቢኖር ጨርቁን ሊጥል ነው ባለኝ።

ሆኖም አንድ ነገር መጣ። ቀኝ እጄ ሲያጎርሰኝ ሐሳቤ ሌላ ቦታ ነው፤ ምን እንደበላሁ እንኳ አላውቅም። ግራው ሲያጎርሰኝ ግን ከእያንዳንዱ ጉርሻ ጋር መገኘት ነበረብኝ። ምግቡ ጣመኝ። በሦስተኛው ሳምንት ደረጃ ላይ አንድ ጎረቤቴን ሳገኘው "ወንድምዓለም" ሳልል ስሙን ከነአባቱ ጠራሁት፤ እሱም ደነገጠ፣ እኔም ደነገጥኩ። የግራ እጄ ሥራ ይሁን አጋጣሚ አላውቅም፤ ሐኪም አይደለሁም። ግን መስኮት የተከፈተበት ቤት ውስጥ የገባሁ ያህል ቀለለኝ። ያን ዕለት ሮጬ ለሚስቴ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኳትም፤ ቅናቴ ገና አልበረደም። በእሷም በእሱም ፊት አንድ ቀን በግራዬ አንድ ተአምር ሠርቼ ላሳያቸው ፈለግሁ። አሳየኋቸውም።

"እሁድ ምሳ ጠርቼዋለሁ" አለችኝ ባለቤቴ። "ሦስት ጊዜ እምቢ ብሎኝ ነው አሁን እሺ ያለው።"

"ምን ያኮራዋል?"

"አይደለም። ቀኝ እጁ አፉ ጋ አይደርስም እኮ። ሰው መሀል በግራ መብላት ያፍራል። ሰው ቤት ከበላ ዓመት አልፎታል። አደራህን፣ እጁን አትየው፤ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁን።"

እሁድ ኬክ ይዞ መጣ። አንቱ ተባባልን። ባለቤቴ በስተግራዬ አስቀመጠችው፤ ማንም ልብ ሳይል ሹካ አጠገቡ አኖረችለት። እሱ በግራው ሹካ ይዞ፣ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሳ፣ ትንሽ ትንሽ ይበላል። እኔ በቀኜ፣ በጨዋ ደንብ። ወሬው ወደ ካዛንቺስ ሄደ፤ ለካ እሱም እዚያ አድጓል። የፈረሰውን መንገዳችንን ከላይ እስከ ታች በሐሳቡ እየሄደ የየቤቱን ባለቤት ስም በስም ጠራ። የዳቦ ቤቱን፣ የልብስ ሰፊውን፣ የገዛ ራሴን የግድግዳ ጎረቤት። ሚስቴ አፏን ከፍታ ትሰማዋለች። ሠላሳ አራት ዓመት መዝገብ ቤት የሠራሁት እኔ፣ የሰፈሬን ሰው ስም ከእንግዳ አፍ እሰማለሁ። እንባ እንባ አለኝ በቅናት።

ቅናት ሲብስ ደግ ያስመስላል። ይህን ሰው በደግነት ላሸንፈው አሰብኩ። ሹካውን እንዲተው፣ እጁ ትዝ እንዳይለው፣ እኔው ላጉርሰው። ከዶሮው ሥጋ መረጥኩ፣ ከእንቁላሉ ጨመርኩ፣ ጠቅልዬ "በሞቴ!" ብዬ ዘረጋሁለት።

ሰውየው አፉን አልከፈተም። ጉርሻው በዛበት እንዴ ብዬ ሚስቴን አየኋት። ፊቷ አመድ መስሏል። የምታየውን ተከትዬ ወደ እጄ ተመለከትኩ።

ግራ እጄ ነው። ሦስት ሳምንት ቤት ዘግቼ ያሠለጠንኩት እጄ፣ ለእንግዳው ቀረብ ስላለ፣ እኔን ሳያስፈቅድ ተነስቶ ጠቅልሎ ዘርግቷል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

"ምን ማድረግህ ነው?" አለችኝ ባለቤቴ። ተማሪ ስትቀጣ የነበረው ድምጿ ነበር።

ሰውየው ሹካውን አስቀመጠ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። "ግድ የለም፣ ለምጄዋለሁ" አለና ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ።

"አይደለም!" ጮህኩ። "በእመቤቴ፣ በእርስዎ ማላገጤ አይደለም! ይቀመጡ!" ጉርሻው በአየር ላይ ነው፤ ወጡ በክንዴ እየወረደ እጅጌዬ ውስጥ ገባ። ላወርደው አልቻልኩም፤ ካወረድኩት ሰውየው የሚሄድብኝ መሰለኝ። "ሦስት ሳምንቴ ነው… ማለቴ፣ በግራዬ መብላት እየተለማመድኩ ነበር። እርስዎ ስለቻሉ። ቀንቼብዎት ነው። እሷ ከእርስዎ ጋር ስትስቅ አጥር ሥር ቆሜ አይቻለሁ። በእሷም ቀንቼባታለሁ፤ እሷ ስታስታውስ እኔ እየረሳሁ ነው። አባቴን ያገኛቸው ነገር እኔንም እያገኘኝ ነው።"

ይህን ዓመት ሙሉ የደበቅሁትን፣ ለማላውቀው ሰው፣ ጉርሻ ይዤ ተናገርኩት። ሚስቴን ማየት አልደፈርኩም።

ሰውየው እጄን ብዙ አየው። ከዚያ ጎንበስ አለና አፉን ከፍቶ ተቀበለኝ። ቀስ ብሎ አኘከ። ሲውጥ ዓይኑ እርጥብ ነበር፤ "አንድ ያጣላል" አለኝ። "ድገመኝ። በዚያው እጅህ።"

ደገምኩት። ከዚያ እሱም ሹካውን ወዲያ ገፍቶ በግራ እጁ፣ በጣቶቹ፣ እንደ ሰው በላ። እኔን ሲያጎርሰኝ አፍንጫዬን ወጥ በወጥ አደረገው፤ ሚስቴ መሳቅ ፈልጋ አልሆነላትም።

እሱን ሸኝተን ከሰዓት በኋላ ዕቃ አጠብን። እሷ ታጥባለች፣ እኔ አደርቃለሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለችኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። ባምቢስ ወርጄ የጠፋኝን፣ የጠፉኝን ስሞች፣ ደረጃ ወጥቼ ምን ልወስድ እንደመጣሁ ረስቼ መውረዴን። ሰውየው ግራኝ ነው ያልኩ ቀን የዋሸሁትንም ነገርኳት። ሳህኑን እንደያዘች ዓይኗን ጨፈነች፤ "እኔ እኮ ያን ቀን መርሳት ጀመረኝ ብዬ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ" አለች። ይቅር በይኝ አልኳት። ወዲያው ይቅር አላለችኝም፤ ልክ ነበረች።

"ሌላስ?" አለች።

"ሌላ የማስታውሰው የለም።"

"እኔ የማስታውሰው አለ" አለችና ውሃውን ዘጋች። "በእናትህ ስም ጠርተኸኛል። ሁለት ጊዜ።"

በእጄ ያለውን ብርጭቆ ማድረቅ አቃተኝ። "መቼ?"

"አንዱ ክረምት ላይ ነው። አንዱ ከቴኒሱ በፊት፣ ደም ግፊቴን ልለካ ብዬ ሐኪም ዘንድ በሄድኩ ዋዜማ።"

"ታዲያ ምን አልሽኝ?"

"አቤት አልኩህ።"